ፈታሹ ሲጠየቅ

አባቴን ሰፈሩ በስሙ አይጠራውም። «ፈታሹ» ነው የሚለው። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፣ ስሙ ግን አለቀቀውም። ዕድሜውን የጨረሰው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ የሚወጣውን ሠራተኛ ሲፈትሽ ነው። ክር በካልሲ፣ ጨርቅ በወገብ፣ የልብስ ቁልፍ በምሳ ዕቃ ክዳን ውስጥ ተደብቆ ሲያልፍ አይቷል። ከዚያ በኋላ ማንንም አላመነም። ዳቦ ሲገዛ ጫን ጫን አድርጎ ያየዋል። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝለት «ይኼ ካልሠራ ቀጥሎ የምታዝልኝ ምንድነው? እሱን አሁኑኑ ጻፍልኝ» ይላል። እኔ ከሥራ ስገባ እንኳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቦርሳዬ ላይ ነው። አልቀየመውም፣ ለምዶበት ነው።

እናቴ እዚያው ፋብሪካ ፈትል ክፍል ነበረች። ሴቶቹን በእጅ የምትፈትሽ ሌላ ሴት ብትኖርም፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም «ምን ይዘሻል?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ቀን እማዬ ድካሙ አናቷ ላይ ወጥቶባት ፌስታሏን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው።

«ማበጠሪያ፣ ግማሽ ዳቦ፣ የተቀደደ ካልሲ። አንዱን ምረጥ» አለችው።

ሳቀ። ፈታሹ ሲስቅ ያዩት ያኔ ነው ይላሉ። እማዬ ይህን ስታወራ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ «ዳቦውን መርጦ ቢሄድ ምን ነበረበት» ትላለች።

እኔ ሁለተኛ ልጃቸው ነኝ። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። እማዬ ወገቧን ታማ ስትተኛ ቤቱን የሚይዝ ሰው ጠፋ። ታላቅ ወንድሜ ጎበዝ ተማሪ ነበር፣ እኔ መካከለኛ ነበርኩ፣ ስለዚህ መካከለኛዋ ቀረች። አሁን ላውንድሪ ውስጥ ልብስ እተኩሳለሁ። ወንድሜ ተምሮ ባሕር ማዶ ሄደ፣ እዚያው ሥራ ያዘ፣ ዜግነት አገኘ፣ አገባ፣ ወለደ። ከሄደ አንድም ቀን አልተመለሰም። እማዬ የልጅ ልጇን የምታውቀው በስልክ ነው። ሕፃኗ ስክሪኑን ስትልስ እማዬም በዚህ በኩል ጉንጯን ታስጠጋለች። አንድ ቀን ልጇንም የልጅ ልጇንም በአካል ልታቅፋቸው ነው የምትኖረው። ሌላ ምኞት ሲኖራት አይቼ አላውቅም።

ወንድሜ ወላጆቻችንን ለመውሰድ የጀመረው የቪዛ ጉዳይ ተራው ደርሶ የቃለ መጠይቅ ቀን ተቆረጠ። ደወለልኝ።

«እህቴ፣ አንቺ አዘጋጂያቸው።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«የሚጠየቁት ቀላል ነው። መቼ ተጋቡ፣ ስንት ልጅ አላቸው፣ እኔ ምን እሠራለሁ፣ የት ነው የሚያርፉት። አንቺ ታግባቢያቸዋለሽ።»

ማግባባት ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የእኔ ሥራ ነው።

አባቴ ወሬውን ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀው «ለምን አሁን?» ብሎ ነው።

«ተራው ደርሶ ነዋ» አልኩት።

«ልጅ ሲወልድ ነው ተራው የደረሰው? ሞግዚት ፈልጎ ነው።»

«ቢፈልግስ?» አለች እማዬ። «የእኔን የልጅ ልጅ ሌላ ሰው ከሚያዝላት?»

«ክፉ ነው አላልኩም። እንዲታወቅ ነው።»

በማግስቱ ሬዲዮ መጣች። ሬዲዮ የምንላት ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ነው። መርፌዋና ምላሷ እኩል ነው የሚሠሩት። ዘመዶቿ እንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ ገብተው ወድቀውባታል፣ ስለዚህ ራሷን እንደ ባለሙያ ትቆጥራለች።

«ቀላል መስሏችሁ እንዳትሸወዱ» አለች፣ ወንበር ሳይሰጣት ተቀምጣ። «ቆመህ ነው የምትጠየቀው። የመጋረጃውን ቀለም ይጠይቃሉ። ልጁ ሲወለድ ማን ነበረ፣ አባትየው የት ነበረ፣ ይጠይቃሉ። ደግሞ የሚስቁልህ ጊዜ ነው የሚፈራው።»

«የእኛ መጋረጃ ቀለሙ ምንድነው?» አለች እማዬ ዞር ብላ።

«ድሮ ነው አሁን?» አለ አባቴ።

እኔ ከሥራ ስመለስ የምግብ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ጎተትኩና ከኋላው ተቀመጥኩ። እነሱን ከፊት ለፊቴ አቆምኳቸው። እማዬ ወገቧን ይዛለች፣ አባዬ እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሏል።

«ልጅዎ ምን ይሠራል?» አልኩ።

«አንቺ አታውቂም?» አለች እማዬ።

«እማዬ፣ እኔ አሁን እኔ አይደለሁም።»

«እና ማነሽ?»

«ቆንስሏ።»

ከጠረጴዛው ሥር አየችና «ቆንስሏ በዚህ ነጠላ ጫማ?» አለች።

አባቴ አልሳቀም። ትከሻዬን ነካ አድርጎ አስነሳኝ። «ይቺ አትሆንም። ስትጠይቅ ፊቷ ይለምናል» አለና ወንበሩን ያዘ። መነጽሩን አደረገ፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የማላውቀው ሰው መሰለኝ። ፋብሪካ በር ላይ የነበረው ይኼ ሰውዬ ነው ማለት ነው አልኩ በልቤ።

«ስንት ልጆች አሉሽ?» አላት።

«ሁለት።»

«ቶሎ አልሽ።»

«ሁለት ልጅ ለመቁጠር ምን ያህል ይፈጃል?»

«ስሚኝ» አለ፣ መነጽሩን አውልቆ። «ሌባ መልሱን አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ከማሽኑ ጀምሮ አፉ ውስጥ ይዞት ነው የሚወጣው። ‹ምን ይዘሃል?› ስትይው አፍሽን ሳትዘጊ ‹ምንም!› ይላል። ንጹሑ ሰውዬ ግን ያስባል። ‹ምን ይዣለሁ… ዣንጥላዬ፣ የምሳ ዕቃዬ፣ የልጄ ሽሮፕ…› ይላል። ያሰበ ሰው አልፏል፣ የፈጠነ ሰው ተይዟል። እኔ በዚህ ተሳስቼ አላውቅም።»

እኔም አመንኩት። ዕድሜ ልኩን የሠራበት ነገር ነው፣ ምን ብዬ እከራከረዋለሁ? ወንድሜ ግን በስልክ ስነግረው ሳቀ። «አባዬን ተዪው፣ ዝም ብለው እውነቱን ይናገሩ» አለ። እሱ ከተጠየቀ ቆይቷል፣ ረስቶታል።

እንግዲህ ትምህርቱ በአባቴ ሥርዓት ቀጠለ። ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ ምራቅ ይዋጣል። ከዚያ አምፖሉ ይታያል። ከዚያ ይመለሳል።

«አምፖል ከሌለስ?» አለች እማዬ።

«የሆነ ነገር ታያለሽ።»

«አንተን አይሃለሁ።»

«እኔን አትይ! እኔን ካየሽ ተመካክረዋል ይላሉ።»

«ከባሌ ጋር ባልመካከር ነው እንጂ ማፈሪያው!»

አንድ ቀን የሬዲዮን ጥያቄ አስታውሼ «ልጅዎ ሲወለድ የት ነበሩ?» አልኩት አባቴን። እማዬ ስትለቅመው ከነበረው ምስር ላይ ቀና አለች። አባቴ ምራቁን ዋጠ፣ አምፖሉን አየ።

«ጥጥ መጋዘን» አለ።

ፋብሪካው በመከር ጊዜ ሌላ ከተማ ያለ የጥጥ መጋዘን እንዲጠብቅ ይልከው ነበር። አንዳንዴ ለወራት ብቅ አይልም። ወንድሜ የተወለደው እሱ እዚያ እያለ ነው። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የፋብሪካ ሰው ደግሞ አፉ ሥራ አይፈታም፣ ያኔም ያልተባለ ነገር አልነበረም። እማዬ ስላለፈው ወሬ በቤታችን ቃል ሲነሳ አትወድም። ምስሩን ትታ ወደ ጓዳ ገባች።

«ይህን አይጠይቁም» አለኝ አባቴ። «ዝለዪው።»

ዘለልኩት።

ያን ሳምንት ማንም ማንንም በቀና አያይም ነበር። እማዬ አባቴ መሄድ አይፈልግም ብላ ትጠረጥራለች። አባቴ ወንድሜን ይጠረጥራል። አንድ ቀን ሸሚዙን ስተኩስለት መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«አንቺ ግን እንዲህ የምትለፊው ምን ልትጠቀሚ ነው?»

«እኔ? ምንም።»

«እኛ ስንሄድ ቤቱ ለማን ይቀራል?»

«ለእኔ።»

«ቶሎ መለስሽ» አለኝ።

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ካውያውን አስቀምጬ «አባዬ፣ ብትሄዱ ብቻዬን እቀራለሁ። ብትቀሩ ደግሞ እንዲህ ስትጠይቀኝ ትኖራለህ። አንዱን ምረጥልኝ» አልኩት። ሸሚዙን ይዞ ሄደ።

ቀኑ ደረሰና ይዣቸው ወደ ቆንስላው ሄድኩ። እኔ መግባት አይፈቀድልኝምና በአጥሩ ሥር ከሌሎች ልጆች ጋር ቆሜ ጠበቅሁ። ሁሉም ወላጅ አስገብቷል፣ ሁሉም ስልኩን ያሻል፣ ማንም ማንንም አያናግርም። አንዷ «ለስንት ሰው ነው?» ብትለኝ እንኳ ለምን ጠየቀችኝ ብዬ ቦርሳዬን አጥብቄ ያዝኩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ያኔ ገባኝ።

እማዬ ቀድማ ወጣች። ወገቧን የረሳች ይመስል ትፈጥናለች። አባቴ ከኋላዋ ነው።

«እህስ?» አልኩ።

«በሩ ላይ ያለው ልጅ ፍተሻ አያውቅም» አለኝ አባቴ። «የግራ ኪሴን አላየም።»

«አባዬ፣ ቃለ መጠይቁ!»

«እሱን ጠይቂው» አለች እማዬ፣ ሳታየው። «አስቦ ይመልስልሻል።»

ቤት ከገባን በኋላ ነው ነገሩን ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን ከሁለቱም የለቀምኩት። እኔ አልነበርኩም፣ የሚሉትም አይገጥምም። የሚስማሙበትን ብቻ ልጻፍ።

ከመስታወቱ ጀርባ አንዲት ወጣት ቆንስል ነበረች፣ አጠገቧ አስተርጓሚ። መጀመሪያ እማዬ ተጠየቀች። እማዬ አምፖሉንም ምራቁንም ረሳች። «ይህ ልጅ የእርስዎ ነው?» ሲሏት «ከእኔ ነው የወጣው፣ ታዲያ የማን ሊሆን ነው!» አለች። አስተርጓሚው ሳቀ፣ ቆንስሏም ሲተረጎምላት ሳቀች። አባቴ ሲስቁ የሬዲዮ ቃል ትዝ አለው። የሚፈራው የሚስቁ ጊዜ ነው ብላ የለ? ጠነከረ።

ቆንስሏ ወረቀት አገላበጠች። የወንድሜ የልደት ምስክር ወረቀት የወጣው ሲወለድ ሳይሆን ወደ ውጭ ሊሄድ ሲል ነው። ቀኑን አየችና አባቴን «ልጁ ሲወለድ የት ነበሩ?» አለችው።

አባቴ ዋጠ። ጣሪያውን አየ። «ሥራ ላይ፣ ሌላ ከተማ» አለ።

«ልጁ የእርስዎ ልጅ ነው?»

ዋጠ። ጣሪያውን አየ።

እዚህ ላይ ነው የማይስማሙት። አባቴ «ትንፋሽ የምታህል ነች፣ ከዚያ ልጄ ነው አልኩ» ይላል። እማዬ «አስተርጓሚው ያልሰማ መስሎት ደግሞ እስኪጠይቀው ድረስ» ትላለች። ያም ሆነ ይህ፣ እማዬ አልፈሻል ተባለች። ለአባቴ ወረቀት ተሰጠው፤ ከልጁ ጋር የዲኤንኤ ምርመራ ያድርግ ተብሏል።

«የሰው ልጅ ነበር የጠየቁህ?» አለችው እማዬ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቤቱ መሃል ቆማ። «በር ላይ የተያዘ ጨርቅ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ያጠብኩልህ፣ ያበላሁህ ሴትዮ አጠገብህ ቆሜ፣ ልጅህ ነው ወይ ሲሉህ አሰብክ?»

«አሠራሩ ነው እኮ! ያስተማርኩሽን…»

«ምን ነበር ያሰብከው?»

«ምንም። ዋጥኩ፣ ጣሪያ አየሁ፣ መለስኩ።»

«ጣሪያው ላይ ማን ነበረ?»

አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ይህን ጥያቄ እኔም ብጠየቅ አልመልሰውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በእኔ በኩል ነው የተነጋገሩት። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው።

«አባትሽን ራት ቀርቧል በዪው።»

«እናትሽን ጨው በዝቷል በያት።»

«አባትሽን ያስብበት በዪው፣ ምናልባት ጨው ላይሆን ይችላል።»

ወንድሜ ደወለ። ነገሩ ለእሱ ቀላል ነው። «ጥጥ አፍ ውስጥ ማስገባት ነው፣ አያምም። እኔ እዚህ ሰጥቻለሁ፣ አባዬ እዚያ ይስጥ፣ አለቀ።»

«እማዬ አይሰጥም እያለች ነው» አልኩት።

«ለምን?»

«ከሰጠ ተጠራጥሮኛል ማለት ነው ትላለች።»

«እና ካልሰጠስ?»

«ካልሰጠ ደግሞ ውጤቱን ፈርቶ ነው ትላለች።»

ሌላ ክፍል ገብቶ በር ሲዘጋ ተሰማኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እህቴ… እማዬ የምትቃወመው፣ የሆነ ነገር አለ እንዴ?» አለኝ።

«ተው!» አልኩት። ጮህኩበት። የጮህኩበት ግን እኔም ስላሰብኩት ነው። በማግስቱ ሁለቱም የሌሉ መስሎኝ የወንድሜን የምርቃት ፎቶ ከግድግዳው አውርጄ ጆሮውን ሳይ እማዬ ደረሰችብኝ።

«ምን ታያለሽ?»

«አቧራ።»

«አቧራው ጆሮው ላይ ነው?»

ፎቶውን ተቀብላኝ በቀሚሷ ጠረገችው፣ መልሳ ሰቀለችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አንቺም?» ብቻ ነው ያለችው።

ሬዲዮ ለመምጣት አልዘገየችም። የሚጠገን ቀሚስ ጠየቀችኝ፣ ማንም የሚጠገን ቀሚስ አለኝ አላላትም።

«ጋሼ ሌላ ምርመራ ታዘዘለት አሉ፣ እውነት ነው?»

«ስኳሩን ነው» አልኳት።

«እኔ ግን ስኳር አልሰማሁም» አለች፣ ወደ እማዬ እያየች። «ብቻ እግዜር ይርዳው። መቼም ያኔ ጥጥ መጋዘን ብዙ ቆይቶ ነበር።»

እማዬ ሻዩን ቀዳችላት፣ ስኳሩን ራሷ አማሰለችላት። ሬዲዮ ጠጥታ ወጣች። እኔ ግን እናቴን አውቃታለሁ፤ ለሰው ስኳር ስታማስል ልቧ ሌላ ቦታ ነው።

አባቴ በዚያው ሳምንት ራሱ ወሰነ። ለወንድሜ አስደወለኝና «ልጄ፣ እናትህን እልክልሃለሁ። እኔ እዚህ ሆኜ ቤት እጠብቃለሁ። ምርመራ የሚባለውን ተወው» አለው።

በእሱ ቤት ለእሷ ክብር መስጠቱ ነው። ሰውን ሁሉ ሲፈትሽ ኖሮ ሚስቱን ላለመፈተሽ ብሎ ልጁን ሳያይ ሊቀር ነው። እኔ እንደዚያ ነው የተረዳሁት፣ ዓይኔም እንባ አቅርሮ ነበር። እማዬ ግን ከጓዳ እንደ ጥይት ወጣች። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ በእኔ በኩል ሳይሆን ቀጥታ ተናገረችው።

«አንተ ሰውዬ! ቤት የምትጠብቀው ከማን ነው? ከዚህች ምስኪን?»

«ለአንቺ ብዬ ነው እኮ…»

«ለእኔ? እኔ ሄጄ አንተ ስትቀር ሰፈሩ ምን የሚል ይመስልሃል? ለሚስቱ ብሎ ቀረ ይላል? ፈርቶ ቀረ ነው የሚለው። ምኑን ፈራ? እኔን። አንተ እዚህ በክብር ሻይ ትጠጣለህ፣ የእኔ ስም በሬዲዮ ይተላለፋል!»

«እና ምን ላድርግ?» አለ። እውነት ጨንቆት ነበር። «ብሰጥ ጠረጠርከኝ፣ ባልሰጥ ፈራህ። በየት በኩል ልውጣ?»

«ጫማህን አድርግ።»

እንዲህ ነው ወደ ላቦራቶሪው የሄድነው። እማዬ የአባቴን እጅጌ ይዛ ከፊት፣ እኔ ወረቀቶቹን ይዤ ከኋላ። የታረቁ አይምሰላችሁ። ሰው ሰውን ይዞ ወደ ጣቢያ ሲሄድ የሚመስለው እንደዚያ ነው።

ነርሷ ጓንት አደረገች፣ የአባቴን ፎቶ አነሳች፣ መታወቂያውን ከፊቱ ጋር ደጋግማ አስተያየች። አባቴ ይህን ሲያይ ደስ አለው። «ጎበዝ» አላት። ከዚያ ከወረቀቱ ላይ እያየች «ይህን ናሙና የሚሰጡት በማመልከቻው ላይ የተጠቀሰው ሰው ልጅዎ መሆኑን…» ብላ ስትጀምር፣

«ልጄ ነው!» አለ።

ነርሷ ደነገጠች። «አልጨረስኩም አባቴ።»

«ልጄ ነው። ጨርሺ።»

እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። «አሁን ቶሎ መለስክ» አለችው።

«እና?»

«በአንተ ሕግ ሌባ ነህ።»

አባቴ ፈገግ ሊል ፈለገና የእሷን ፊት ሲያይ ተወው። አፉን ከፈተ። ነርሷ በጥጡ ጉንጩን ከውስጥ አሸችው፣ በዚያም በዚህም፣ እማዬ እያንዳንዷን ነገር አንገቷን አስግጋ ተከታተለች። «ይበቃል? አያንስም?» አለች ሲያልቅ።

ውጤቱ ለእኛ አይሰጥም፣ በቀጥታ ወደ ቆንስላው ነው የሚላከው ተባልን። ከዚያ ጥበቃ ሆነ። ሻንጣው አልጋው ሥር፣ እማዬ ጓዳ፣ አባቴ በረንዳ። እኔ ቀን የሰው ልብስ እተኩሳለሁ፣ ማታ የሁለቱን ፊት አነባለሁ። አባቴ ይፈራል ወይስ አይፈራም? እማዬ ተናዳ ነው ወይስ ተጨንቃ? በየቀኑ ሌላ መልስ አገኛለሁ። ያን ጊዜ ያህል ደክሞኝ አያውቅም፣ ካውያው ሳይሆን ዓይኔ ነው የደከመው።

አንድ እሑድ ወንድሜ ደወለ። የውጤቱ ኮፒ ለእሱ ደርሶታል። ድምፁን ስሰማ ነው ትንፋሼ የተመለሰው።

«ሁሉም ተስተካክሏል በያቸው» አለ።

እማዬ ስልኩን ነጠቀችኝ። «ተስተካክሏል ማለት ምንድነው? ጮክ ብለህ ቃል በቃል አንብበው። አባትህ ይስማ።»

አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ግቢው ወጣ።

«የት ትሄዳለህ? ና ስማ!»

«ሰምቻለሁ» አለ ከውጭ።

«ምኑን?»

«ልጄ መሆኑን።»

«ማን ነገረህ?»

«አንቺ። ያኔ።»

ወንድሜ በስልኩ ውስጥ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል። ማንም አልመለሰለትም። እማዬ ስልኩን ለእኔ ጥላ ተከትላው ወጣች። እኔም በሩ ላይ ቆምኩ።

«ታዲያ እዚያ መስኮት ላይ ለምን ዝም አልክ?» አለችው። አሁን አልጮኸችም።

አባቴ ልብስ ማስጫ ገመዱን ይዞ ቆመ። ምራቁን አልዋጠም፣ ወደ ላይም አላየም።

«የት ነበርክ አሉኝ» አለ። «እዚያ ጥጥ ላይ ቁጭ ብዬ የነበረው ታየኝ። የመውለድሽ መልእክት ደርሶኝ አለቃው አትሄድም ሲለኝ እሺ ብዬ ቀረሁ። ስመጣ ልጁ ሰው ይለያል፣ እኔን አይቶ አለቀሰ። ከዚያ ልጅህ ነው ሲሉኝ… የእኔ ነው ለማለት ምን አደረግኩ ብዬ ነው።»

እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

እማዬ ከገመዱ ላይ ነጠላዋን አወረደች። ከዚያ «ጥሩ ነው» አለች። «በደንብ ተዘጋጅተህበታል።»

«እውነቴን ነው እኮ!»

«ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ቀን አስበህበታል አይደል?»

ወደ ውስጥ ገብታ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ከልጇ ጋር ስለ ሕፃኗ ጥርስ ማውራት ጀመረች።

አባቴ ወደ እኔ መጣ። «አመነችኝ?» አለኝ ዝቅ ብሎ።

«አላውቅም አባዬ።»

«አንቺስ?»

ምን ልበለው? ሲናገር አምኜው ነበር። እማዬ ያን ስትል ደግሞ ትንሽ ላላ አለብኝ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እኔን ተወኝ» አልኩት። እውነት ነው፣ የዚያን ያህል የድሮ ነገር የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እሷም እንኳ ግማሹን ነው የምታውቀው።

ፓስፖርታቸው ተመልሶ መጣ፣ የሁለቱም ቪዛ ተመቶበት። ሬዲዮ የሁለቱንም ገልጣ አየች፣ የአባቴን ሁለቴ። እማዬ ስታሳያት በጣቷ ነካ ነካ እያደረገች ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

የሄዱ ቀን ሻንጣዎቹን መኪናው ላይ ጫንኩ። እማዬ አቅፋኝ አለቀሰች፣ «ምሳሽን እንዳትረሺ፣ በር ቆልፊ፣ ሬዲዮን አታስገቢ» አለችኝ። አባቴ ቁልፉን ሰጠኝ፣ ከዚያ መልሶ ተቀብሎኝ በሩን ሞክሮ እንደገና ሰጠኝ። ሁለቱም ከኋላ ገቡ። አባቴ ወደ እሷ ጠጋ አለላት። እማዬ የእጅ ቦርሳዋን በመሃላቸው አስቀመጠችና መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጇን አውለበለበችልኝ።

በሩን ዘግቼ ገባሁ። ስለ እነሱ መንገድ አሰብኩ። ረዥም በረራ ነው አሉ፣ መቀመጫው ጎን ለጎን፣ መውጫ የለውም። የጣሪያውን ነገር ደግማ እንደምትጠይቀው እርግጠኛ ነኝ።